ሦስት ጊዜ ጮኾ የሚዘጋው ስልክ

እኔና ሒሳብ ገና በልጅነቴ ነው የተጣላነው። እንግዲህ ስድሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም ሳይቀረኝ፣ የታሎቃን ከተማዋ ሚጢጢ ራዲዮ ጣቢያ ቴክኒሻን፣ ጭራሽ የሒሳብ አስተማሪ ልሁን? ሆንኩ። ምን ላድርግ!

ድሮ ጣቢያችን ዘፈን ነበረው፤ ታክሲ ነጂው ሁሉ እየደወለ ከንቲባውን የሚያብጠለጥልበት ሰዓት ነበረው። አዲሶቹ ገዢዎች ሲመጡ የከተማው ጋዜጣ ተዘጋ፣ መጽሔቱም ተከተለ፣ ዘፈን ተከለከለ። ከዚያ የሴት ድምፅ በራዲዮ አይሰማ ተባለ፤ ደውላም አትናገር። አሥራ አንድ ሠራተኞች ነበርን፤ እኔና ወጣቷ ማህጀቢን ብቻ ቀረን።

ሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ከተዘጋባቸው ወዲህ ማህጀቢን ትምህርቱን ትጽፋለች፣ እኔ አነባለሁ። ስሳሳት አጠገቤ ሆና ጠረጴዛውን ታንኳኳለች። ልጆቹ መናገር ስለማይችሉ መላ ዘየድን፦ መልሱ አራት ከሆነ ስልካችን አራት ጊዜ ጮኾ ይዘጋል። እኛ አናነሳም። ሰዓቱ ሲያልቅ የደወሉበትን ቁጥር ሁሉ ከስልኩ ላይ አጠፋለሁ። ይቺን ነገር ማህጀቢን በየቀኑ ታስምለኛለች።

"ካካ ሰይፎር፣ ቁጥሮቹ ገዢዎቹ እጅ ከገቡ ልጆቹን ቤት ለቤት ነው የሚለቅሟቸው" ትለኛለች። አጎቷ ባልሆንም ካካ ነው የምትለኝ።

ያን ማክሰኞ ከሰዓት ወረቀቱን ሰጠችኝ።

"ዛሬ እንኳ ረጋ ብለው ያንብቡ። ባለፈው ሦስት ማዕዘኑን ባለ አራት ጎን አድርገውት አረፉ።"

"ራዲዮ ላይ ማን ያየዋል!" አልኳት። ሳቀች። የመጨረሻ ሳቋ ነበር።

ማይኩን ከፈትኩ። "አንድ ቁጥር በሦስት ተባዝቶ ስድስት ሲጨመርበት አሥራ አምስት ይሆናል። ቁጥሩ ስንት ነው? መጀመሪያ ከአሥራ አምስት ስድስት እንቀንሳለን። ስምንት ይቀረናል።"

አንኳኳች። ፍጠን ያለችኝ መሰለኝ። "እንግዲህ ስምንትን…"

"ዘጠኝ! ዘጠኝ ነው!"

አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ምን ዋጋ አለው፤ ወጥቷል። የማይኩ ቀይ መብራት እንደበራ ነው። እኔም እየተንተባተብኩ፣ "ዘጠኝ። የቀረውን እናንተ ጨርሱት። እስከ አሥር ሰዓት እንጠብቃለን" ብዬ ዘጋሁ።

የገዢዎቹ ቢሮ መንገዱን ተሻግሮ ነው፤ ሻይ እየጠጡ ነው የሚያዳምጡን። ያኔ ስልኩን መስበር ነበረብኝ። እኔ ጅሉ ግን ምን አደረግሁ? የሠላሳ ዓመት ልማዴ ይዞኝ የማይኩን ገመድ መጠቅለል ጀመርኩ! በሥርዓት፣ አንድ በአንድ! ገመዱን ሳልጨርስ በሩ ተከፈተ።

ኃላፊያቸው ወጣት ነው፤ ጨዋ አነጋገር አለው። "የጮኸችው ይቺ ናት?"

"እኔ ነኝ፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው" አልኩ።

አልሳቀም። አብረውት የገቡት ሁለት ጠመንጃ ያዦች ማሰራጫውን አጠፉና የማሰራጫውን ክፍል በር አሸጉት። ወዲያው ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልክ ጮኸ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ተዘጋ።

"ማነው?"

"ተሳስተው ነው።"

እንደገና ሦስት ጊዜ ጮኾ ተዘጋ። በሌላ ቁጥር። እጄን ወደ ስልኩ ስሰድ ኃላፊው ቀደመኝ። ስልኩን ገለጥ ገለጥ አደረገና ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ከኪሱም ደብተርና ብዕር አውጥቶ የደወሉትን ቁጥሮች መጻፍ ጀመረ።

ማህጀቢን ተነሳች። "ማይኩን ለአንድ ደቂቃ ለእሳቸው ስጧቸው። እኔ አልናገርም። ወንድ ነው የሚናገረው።"

"ምን ሊል?"

ምን ትበለው? አትደውሉ ሊል ትበለው?

"አድማጭን መሰናበት ደንብ ነው" አልኩ እኔ። "እባክህ ልጄ፣ በወላጆችህ!"

"ጣቢያው ታሽጓል፣ አባት" አለኝ በትህትና።

ስልኩ ጮኸ። ሦስት። ጮኸ። ሦስት። ከተማው ውስጥ ይህን ነገር ሊያስቆም የሚችለው የእኛ ራዲዮ ብቻ ነበር። ያ አላህ፣ አልኩ በሆዴ፣ አንዷ እንኳ ትሳሳት፤ አንዷ እንኳ ሰነፍ ትሁንና ትተወው! አሥር ሰዓት እስኪሆን ገና አርባ ደቂቃ ነበር።

ማህጀቢን ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች። እንባዋ ይወርዳል፤ ጣቶቿ ግን ይቆጥራሉ።

"ካካ" አለችኝ፣ "ሁሉም አግኝተውታል። አንዷም አልተሳሳተችም።"

ኃላፊው የደብተሩ ገጽ ሞልቶበት ገለበጠ።