በካርታው ላይ ሁለት ነበሩ

ሰዓደት የመርካቶ ልጅ ናት። ዱባይ ተራ፣ አባቷ ጫማ ከሚያከፋፍሉበት ሱቅ በላይ አድጋ፣ ተምራ፣ ኢንተርኔት በሚያቀርብ መሥሪያ ቤት ኢንጂነር ሆነች። በ2003 ዓ.ም. የተሰጣት ሥራ ብዙዎች የቀኑበት ነበር፤ የአገሩን ኔትወርክ ኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ መሥራት። አንዱን መስመር በማውዟ ትቆርጥና ዳታው በየት ዞሮ እንደሚያልፍ ቁጭ ብላ ታያለች። የመርካቶን መስመር ስትቆርጥ ሁሉም በዘጠኝ ሴኮንድ ወደ መጠባበቂያው ዞረ። «አንድ ብልሽት ብቻውን ኔትወርኩን አይጥለውም» ብላ ጻፈች፤ ፈረመች። አለቃዋ አቶ አበራ ማኅተም መቱበት።

በዚያው ሰሞን በርበሬ በረንዳ አጠገብ ጋሽ ዘይኑዲንን ማንሆል፣ የኬብሉን ጉድጓድ፣ ከፍተው ሲሠሩ አገኘቻቸው። ሠላሳ ዓመት ኬብል የቀበሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ ከአባቷ ጋር አንድ መስጊድ ይሰግዳሉ።

«ሰዓደትዬ፣ መስመሩ ሁለት ነው ብለሻል አሉ፤ እውነት ነው?»

«አዎ ጋሼ። መጠባበቂያው በአብነት ሰፈር በኩል ነው የሚሄደው፤ ካርታው ላይ አለ።»

«የአብነቱ ቁፋሮ እኮ ቀርቷል። ድንጋይ ሆነብን፣ ጊዜም አልሰጡን። ሁለቱንም እዚሁ አንድ ቦይ ውስጥ ነው የቀበርናቸው፣ በነዚህ እጆቼ። ክዳኑን ሳልዘጋው ወርደሽ እዪ።»

ጫማዋ አዲስ ነበር። ደግሞስ ካርታ የሚያህል ነገር ይዛ የሽማግሌ ወሬ ታምናለች እንዴ! «ታክሲው ያመልጠኛል ጋሼ፤ ነገ እመጣለሁ» አለች። አልመጣችም።

ከሁለት ወር በኋላ መንገድ የሚሠራ እስካቫተር እዚያው ቦታ አፈሩን አንዴ ዛቀ። ባንኩ ቆመ፣ ስልኩ ጠፋ፣ በዚያ መስመር የሚገናኘው ምዕራቡ አገር ሦስት ቀን ሙሉ ተቋረጠ። ቱባ ቱባ ባለሥልጣናት ተቆጡ፤ እንዲህ ሲሆን ደግሞ አንድ ሰው መያዙ አይቀርም። የሰዓደት ወረቀት ከመሳቢያ ወጣ። አንድ ብልሽት ብቻውን አይጥለውም ይላል። እስካቫተሩ አንዱን ከቆረጠ፣ ሁለተኛውን የቆረጠው ማነው? የማንሆሉ ቁልፍ ያለው፣ በዚያን ዕለት ጠዋት ሲወርድ የታየው ሰው ነዋ! ጋሽ ዘይኑዲን በአሻጥር ተከሰው ታሰሩ። መስመሩን የጠገኑት ሠራተኞች ያዩትን ያውቃሉ፤ አንዱም አፉን አልከፈተም።

ሚስታቸው እትዬ አስያ አባቷ ሱቅ ድረስ መጡ። አልጮሁም። «ልጄ፣ የሳቸው ቃል ካንቺ ወረቀት ጋር አልገጥም አለ አሉኝ። ወረቀትሽን አንሺልን» አሉ።

ሰዓደት ሮጣ ወደ ቦዩ ሄደች፤ አስፋልት ለብሷል። ቢሮ ገብታ ሁለቱን መስመሮች ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ቦይ ውስጥ አስገባቻቸውና ቆረጠች። ምዕራቡ በሙሉ ቀይ ሆነ። ልክ የዚያን ቀን የሆነው ነው። አትማ ለአቶ አበራ ወሰደችላቸው።

ወረቀቱን ሳይጨርሱት መለሱላት። «ካርታውን ያጸደቅኩት እኔ፣ የፈረምሽው አንቺ። በሳቸው ቦታ ማን እንዲገባ ነው የምትፈልጊው?»

ፈራች፤ እውነቱ ይኸው ነው። ሁለት ሳምንት ወረቀቱን መሳቢያዋ ውስጥ ቆልፋበት ሰነበተች። የእትዬ አስያ ፊት እንቅልፍ ሲነሳት ግን ፍርድ ቤት ቀርባ ሁሉንም ተናገረች።

«ሁለቱ መስመሮች አንድ ቦይ ውስጥ ሲሆኑ በዓይንሽ አይተሻል?» አሉ ዳኛው።

«አላየሁም።»

«ተቀመጪ።»

የመጀመሪያውን ስትፈርሚስ አይተሽ ነበር ወይ ብሎ የጠየቃት የለም። ጋሽ ዘይኑዲን ስምንት ዓመት ተፈረደባቸው።

ፖሊሶች እጃቸውን አስረው ሲያወጧቸው በአጠገቧ አለፉ። አንገቷን ደፍታ ስታለቅስ አይተው ቆም አሉ።

«አይዞሽ ልጄ» አሏት፣ «ያን ቀን ታክሲው ያመልጥሽ ነበር።»