ጫፉ ወፍራም፣ መሃሉ ቀጭን

የሥራ ባልደረቦቹ «ጋሽ ሚሊሜትር» ይሉታል፤ ስለ ሽቦ ውፍረት ሳያወራ የዋለ ቀን ምሳው አይፈጭለትም እያሉ። ለአምፖል አንድ ተኩል፣ ለሶኬት ሁለት ተኩል፣ ለምድጃ አራት። ያን ቀንም መሰላል ላይ ቆሞ ይህንኑ ለአሠሪው እየሰበከ ሳለ ልጁ ደወለችለት።

«አባዬ፣ ምድጃው መጣ! የሚገጥመው ሰውዬ ሶኬቱን ከፍቶ ‹ሽቦው አራት ሚሊ ነው፣ የሠራው እጁ ይባረክ› አለ። አባቴ ነዋ አልኩት! አሁን አራቱንም ማብሰያ ለኩሼ፣ ከታች መጋገሪያውንም ከፍቼ፣ ለእንግዶቹ ምሳ እያደረስኩ ነው።»

ደስ አለው። የዚያን ቤት ሽቦ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የዘረጋው እሱ ነው። ልጁና ባሏ ሊከራዩት ሲያመነቱም «የኔ እጅ ያረፈበት ነው፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ግቡ» ያላቸው እሱ ነው።

«ሚጡስ?» አለ፤ የልጅ ልጁን ነው።

«ተኝታለች። አልጋዋን ወደ ግድግዳው አስጠግቼላታለሁ፤ ግድግዳው ዛሬ ሞቅ ብሎላታል፣ እንቅልፉ ጣፍጧታል። አባዬ፣ ስልኬ ሊዘጋ…»

ተቋረጠ።

ግድግዳ ሞቀ? ግድግዳ በምን ይሞቃል? ያኔ ትዝ አለው።

ወደ ወጥ ቤት የሚሄደው የሽቦ ቱቦ በመኝታ ቤቱ ግድግዳ ውስጥ ነው የሚያልፈው። ግንበኛው ሲለስን ጨፍልቆት ኖሯል። ቀጭኑ የአምፖል ሽቦ አስቀድሞ አልፎበታል፤ ወፍራሙ ግን ቢጎትተው ቢገፋው አላልፍ አለ። ግድግዳው ተቀብቷል፤ ባለቤቱ «ነገ ተከራይ ይገባል» እያለ አናቱ ላይ ቆሟል። እሱም በቀጭኑ ሽቦ ሁለት ጫፍ ላይ ክንድ ክንድ የሚያህል ወፍራም ቀጥሎ ዘጋው። ሶኬቱን የከፈተ አራት ሚሊ ያያል፣ ብሬከሩን የከፈተም አራት ሚሊ ያያል። መሃሉን ከፈጣሪና ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም። «እመለስበታለሁ» ብሎ ነበር፤ ጭራሽ ረሳው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ብሬከሩም የተመረጠው ለወፍራሙ ነው፤ ቀጭኑ ግድግዳ ውስጥ ቢቀልጥ እንኳ ኃይሉን አያቋርጥም።

ደወለ፤ ዝግ ነው። ባሏ ዘንድ ደወለ፤ አይነሳም። ከመሰላሉ እንዴት እንደወረደ አያውቅም። መንገዱ በመኪና ተጨናንቋልና እግሬ አውጪኝ አለ። በዕድሜው እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ጭስ ይታይ እንደሆነ ሽቅብ እያየ ሮጠ፤ ከጣሪያዎች በላይ ጥቁር ጭስ ሲያይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የዳቦ ቤት ጭስ መሆኑን ሲያውቅ ደግሞ እንደገና ሮጠ። «እሷን ብቻ፣ እሷን ብቻ» ይላል ለራሱ። ሌላ ቃል አልመጣለትም።

በሩን በርግዶ ገባ። እንግዶቹን ሰላም ሳይል ብሬከሩን አወረደና መኝታ ቤቱን ከፈተ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ አፍንጫውን መታው። ከሚጡ ራስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ የግድግዳው ቀለም ጠቁሮ አብጧል። ብድግ አድርጎ ደረቱ ላይ ለጠፋት። ከእንቅልፏ ስለቀሰቀሳት ተናዳ ቤቱን በጩኸት አናጋችው፤ እሱም አብሯት አለቀሰ።

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» ልጁ በር ላይ ቆማለች።

ነገራት። ጫፉንም፣ መሃሉንም፣ መርሳቱንም። ስትሰማ ፊቷ አመድ መሰለ። ሚጡን ከእጁ ወሰደች።

«አባቴ ነው የሠራው ስላልኩት እኮ ነው ሰውዬው ሌላውን ሳያይ የሄደው» አለች። ከዚያ ቀና ብላ አየችው። «የኛ ቤት ብቻ ነው?»

አዎ ሊል አፉን ከፈተ። በተርታ የቆሙት ሦስት ቤቶች የአንድ ባለቤት ናቸው፤ የሦስቱንም ሽቦ የዘረጋው እሱ ነው፤ ግንበኛውም አንድ ነበር።

«ግራና ቀኝ ያሉትም» አለ።

ልጇን እንዳቀፈች ጫማ እንኳ ሳታደርግ ወደ ጎረቤት በር ቀድማው ሮጠች።