ትዕግስትን ማን ይወስዳታል

«አትሄድም አልኩ እኮ» አለች ውባለም፣ የንፍሮውን ሰፌድ እንደያዘች። «ሌላ ወሬ አምጡ።»

የእህቷ የስንዱ ሰልስት ነው። አርብ ገበያ ከተማ፣ ከሟቿ ቤት ደጃፍ በተተከለው ድንኳን የተሰበሰበው ዘመድ የስንዱን ልጅ ትዕግስትን ማን ያሳድጋት እያለ ይመክራል። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አባቷ ቀድሞ ሞቷል። የስንዱና የውባለም አጎት ፈንታ ንፋስ መውጫ ሰፊ ቤት አላቸው። ወስጄ አስተምራታለሁ ሲሉ ሁሉም መረቃቸው።

«ስንዱንም ላስተምር ወስጃት ነበር» አሉ ፈንታ ንፍሯቸውን እያላመጡ። «በትምህርት ቀለደች።»

አንዲት አክስት፣ ውባለም ልጅ ልታሳድግ ቀርቶ ዶሮዎቿንም ማታ ቆጥራ አታስገባም አሉ። ጥቂት ሰዎች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

ስንዱ አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ ነበር ወደዚያ ቤት የተላከችው። ዓመት ሳይሞላት በእግሯ ተመለሰች። ትምህርቱ አልገባኝም ብትል አባቷ ገረፏት፤ ሰነፍ የሚለው ስም እስከ መቃብር ተከተላት። ልጅ ከወለደች ወዲህ ፈንታ ሊጠይቋት በመጡ ቁጥር ትዕግስትን ጎረቤት ትሰድ ነበር። ልብስሽ ሥር እጁን የሚሰድ ካለ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ዘመድም ቢሆን፣ ጩኺ፤ ሮጠሽ ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም ትላት ነበር። ለልጅ የማይነገር ትናገራለች እያሉ ጎረቤቶች ያሟት ነበር። ምክንያቱን ለውባለም የነገረቻት ልትሞት ስትቃረብ ነው። ከእሷ ሌላ የሚያውቁት የንስሐ አባቷ ቄስ ዓለምነህ ብቻ ናቸው።

ውባለም ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ለምን እንደተመለሰች ይንገሯቸው» አለች ወደ ፈንታ ዞራ። «ሕፃን ሳለች የደፈሯት እርስዎ ነዎት። ልጇን አይወስዷትም።»

የፈንታ መንጋጋ ቆመ። አክስቲቱ፣ ሐዘኑ አናቷ ላይ ወጥቶ ነው፣ ውኃ ስጧት አሉ። አንድ ሽማግሌ ምስክር እንዳላት ጠየቋት።

ውባለም ድንኳኑ መውጫ ላይ ወደተቀመጡት ቄስ ዞረች። «አባ፣ እርስዎ ያውቃሉ።»

በንስሐ የተነገረ ከካህን አፍ አይወጣም። ቄስ ዓለምነህ የእጅ መስቀላቸውን ሲያዩ ቆዩ።

እንግዲያው ነገ በመጀመሪያው መኪና ከፈንታ ጋር ትሂድ ተባለ። ፈንታ አመሰገኑ። ወሬው ወደ ገብስ አጨዳው ዞረ።

ውባለም ወደ ሟቿ ቤት ገብታ የስንዱን ነጠላ አወጣች። ለልጅቷ ስለረዘመ ሁለት ጊዜ አጥፋ ወገቧ ላይ አሰረችላትና እጇን ይዛ በድንኳኑ በኩል ወጣች። ወደ ወገዳ፣ ወደ ውባለም ቤት፣ መንገዱ ረጅም ነው።

ቄስ ዓለምነህ ጋቢያቸውን ሰብስበው እግራቸውን አጠፉላቸው። ሁለቱ ካለፉ በኋላ እግራቸውን መልሰው መውጫውን እስኪዘጋ ዘረጉ።

ፈንታ ንፍሮ እንዲጨመርላቸው ጠየቁ።