ላፕቶፕ ውስጥ የተተከለ ድንኳን

የጋሽ ፈንቴ ልጅ ላፕቶፕ ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ነበር። ላፕቶፑ ከዱሮው የባሰ የሚንቀራፈፈውና አንዳንዴም ጭራሽ ስታክ የሚያደርገው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ በሌላ አይደለም።

ይህን መጀመሪያ ያወቀው አንዳርጌ ነው። አንዳርጌ ሐይቅ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ስልክ፣ ሬዲዮና ጃንጥላ ይጠግናል። አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ጋሽ ፈንቴ ላፕቶፑን እንደ ክርስትና ሕፃን ታቅፈው መጡና ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስተኙት።

«ለቅዳሜ ይድረስልኝ» አሉ። «ልጅቱ ስትመጣ እንዲህ ሆኖ እንዳታገኘው። መቼም አመሏን ታውቃለህ።»

አንዳርጌ አመሏን ያውቃል። ይታይሽ የጋሽ ፈንቴ አንድያ ልጅ ነበረች፤ ከሐይቁ ማዶ ታስተምር ነበር። ከአንድ ዓመት ከስምንት ወር በፊት «አባዬ፣ ይኼ እቃ በቀርፋፋነቱ ዕድሜዬን ጨረሰው። ክፍቱን ተወው፣ የጀመረውን ይጨርስ። ቅዳሜ ስመለስ አሠራዋለሁ» ብላ ጀልባ ላይ ወጣች። ጀልባዋ መሃል ውሃ ላይ ተገለበጠች። አሥራ አንድ ሰው ወጣ። እሷ አልወጣችም፤ አስከሬኗም አልተገኘም።

ከተማው ነጠላውን አዘቅዝቆ ሊያለቅስ ሲመጣ ጋሽ ፈንቴ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጠበቁት። «ማን ሞተ ብላችሁ ነው? ሬሳ ያላየሁበት ለቅሶ አልቀመጥም» አሉና በሩን ዘጉ። ሕዝቡ ያላለቀሰውን ለቅሶ ይዞ ወደየቤቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ «ነበረች» ብሎ የሚያወራ ሰው የጋሽ ፈንቴን ሰላምታ አያገኝም።

«በጣም ነው እንዴ የሚንቀራፈፈው፣ ጋሼ?»

«ኧረ እሱስ ብዙም አይደል። በጥቅምት መግቢያ የነካኋት ፊደል ለኅዳር ሚካኤል ታየችኝ።»

አንዳርጌ ሞከረው። ኪቦርዱን አንዴ ነካና ሁለት ጃንጥላ ጠገነ፣ ምሳውን በላ፣ ጢሙን ተላጨ። ፊደሏ ስክሪኑ ላይ ስትደርስ ጢሙ እንደገና ማጎንቆል ጀምሮ ነበር። የሁሉ እቃ መድኃኒት አንድ ነውና አጥፍቶ አበራው፤ አልዳነም። በቀለም ብሩሽ አቧራውን አራገፈለት፤ አንድ ቁና ወጣ፤ አልዳነም። ከዚያ ራም ጨመረለት። ራም ማለት ላፕቶፑ ሥራውን ዘርግቶ የሚሠራበት ሜዳ ነው። ሜዳው ሲሰፋለት ጭራሽ ባሰበት።

አርብ ጠዋት ጀርባውን ፈታው።

ድንኳኑ ከማራገቢያው አጠገብ ነበር። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነጭ ሸራ፣ በአራቱም ማዕዘን በክር ተወጥራለች። አንዳርጌ የሰዓት ማጉያውን ዐይኑ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። አግዳሚ ወንበሮች በመደዳ ተደርድረዋል። ሰዎች ተቀምጠውባቸዋል። ከፊት አንድ ባዶ ምንጣፍ ተነጥፏል። በሩ ላይ የእድሩ ዳኛ አያ ቢሻው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ ቁመታቸው የጤፍ ፍሬ ቢያክል ነው።

«ሜዳውን ያሰፋኸው አንተ ነህ?» አሉ አያ ቢሻው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እግዜር ይስጥልን። የላይ ቀበሌ ሰዎች ውጭ ቆመው ነበር፤ አሁን ገብተው ተቀምጠዋል።»

«አያ ቢሻው፣ እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«ለቅሶ ነዋ! ሠርግ መስሎህ ነው?»

አንዳርጌ ተነሥቶ እስከ በሩ ሄደና ከመንገዱ ማዶ ተመለከተ። አያ ቢሻው በሙሉ ቁመታቸው ሱቃቸው ውስጥ ተቀምጠው ጨው ይመዝናሉ። ተመልሶ ጎንበስ አለ። በሦስተኛው ወንበር ጫፍ ላይ አንዳርጌ ራሱ ተቀምጦ ነበር፤ ዐይኑ ደም መስሏል። ተያዩ። የተቀመጠው አንዳርጌ ጠጋ አለና ለቆመው ቦታ ለቀቀለት።

አንዳርጌ የሙያ ሰው ነውና ቦታውን ትቶ ምርመራውን ቀጠለ። ማጉያውን ሳያነሣ በአንድ ጣቱ ኪቦርዱን ነካ። ወዲያው አንድ ለቀስተኛ በድንኳኑ በር ገባ፣ ደረቱን ደቃ፣ ተቀመጠ። ወግ ነውና ቶሎ አልተነሣም። ብዙ ቆይቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ሲወጣ ፊደሏ ስክሪኑ ላይ ታየች። አንዳርጌ ሁለት ፊደል ባንዴ ነካ። ሁለት ለቀስተኞች በሩ ላይ ተገናኙ።

«ይግቡ እንጂ!»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ!»

«ኧረ በእመቤቴ!»

«ሞቼ ነው!»

ስታክ የሚያደርገው እዚህ ላይ ነበር።

«አያ ቢሻው» አለ አንዳርጌ፣ «ድንኳኑን ብታነሡልኝ ምናለ?»

«የሐዘኑ ባለቤት ሳይቀመጥ? የት አገር ያየኸው ወግ ነው?»

«ታዲያ ለምን እዚህ ተከላችሁት?»

«ደጁን ሲዘጋብን የት እንትከለው? በዚያ ቤት ክፍት ያገኘነው ይኼን ብቻ ነው።»

ከቀትር በኋላ ጋሽ ፈንቴ መጡ። አንዳርጌ የሚቀመጡበት ዱካ አቀረበላቸው።

«ሁለት መንገድ አለ፣ ጋሼ። አንደኛው ፎርማት ነው። ያለው ሁሉ ይጠፋና እንደ አዲስ ይሆናል።»

«የጻፈችውስ?»

«ይጠፋል።»

«ፎቶዋስ?»

«እሱም። ስትስቅ የተቀረጸችውም።»

«ሁለተኛውስ?»

አንዳርጌ ማጉያውን ሰጣቸው። ጋሽ ፈንቴ ጎንበስ አሉ። ቀና ሳይሉ ብዙ ቆዩ።

«ይኼ ቢሻው አይደለም እንዴ?»

«ናቸው።»

«ምነው፣ ከስቷል።» ማጉያውን አስተካከሉ። «ያ ከፊት የተነጠፈው የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ ጋሼ።»

ከድንኳኑ ውስጥ የአንዲት አልቃሽ ድምፅ መጣ፤ ከትንኝ ድምፅ አይበልጥም፤ ቃሉ ግን አንድም አልጠፋ፦

*ቅዳሜ እመጣለሁ ብላን ሄዳ፣*
*ውሃ አሳደራት እንደ እንግዳ።*

«ቅዳሜ ትመጣለች» አሉ ጋሽ ፈንቴ። አንዳርጌ ጃንጥላ አንሥቶ የተሰበረውን ዘንግ አገላብጦ ማየት ጀመረ።

«ፈንቴ» አሉ በመጨረሻ አያ ቢሻው ከታች። «እኛ ደከመን። ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ ልናጽናናህ ተቀምጠናል፤ አንተ ግን የለህም። የማንን እጅ እንያዝ?»

ጋሽ ፈንቴ ማጉያውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አዘቀዘቁና መልሰው ለበሱት። ጫማቸውንም አወለቁ። ከዚያ «ልጄን!» አሉ።

ማዶ የአያ ቢሻው ሚዛን ባንድ በኩል ዘመም ብሎ ቀረ። የቆመ ባጃጅ ሹፌር ሞተሩን አጠፋ። ጋሽ ፈንቴ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት አለቀሱ። ዓመት ከስምንት ወር ሙሉ ያልወጣው ሁሉ ወጣ፤ የአንዳርጌ ሱቅ ወለል በመጥረጊያ ሁለቴ ተገፍቶ አልደረቀም። በድንኳኑ ውስጥ ሰዉ በየተራ እየተነሣ ወደ ምንጣፉ ጎንበስ ይል ነበር። ጋሽ ፈንቴ ዱካው ላይ እንደተቀመጡ በየጊዜው እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ የማይታይ ሰው ይጨብጣቸዋል።

አሥር ሰዓት ላይ ድንኳኑ ተነሣ። ስክሪኑ በአንድ ብልጭታ ተከፈተ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጋሽ ፈንቴ ሲነኩ የከረሙት ፊደል ሁሉ ተሰብስቦ አንድ ቃል ሆኖ ወጣ፦ «በልተሻል?»

«ፈጠነ?» አሉ ጋሽ ፈንቴ ዐይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ።

«ፈጥኗል፣ ጋሼ። አሁን እንደ ሚዳቋ ነው።»

«እንግዲህ ማን ሊሠራበት።»

ይህን ጊዜ ለቀስተኞቹ በፍላሽ ማስገቢያው ቀዳዳ መውጣት ጀመሩ። ሸራውን ጠቅልለው፣ ወንበሩን ተሸክመው፣ በጠረጴዛው እግር ወረዱ። ከፊት አራት ሰዎች የገብስ ፍሬ የምታህል ቃሬዛ ይዘዋል። ነጭ ጨርቅ ለብሳለች፤ ባዶ ስለሆነች ጨርቁ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። በበሩ ወጥተው መንገዱን ይዘው ወደ ሐይቁ ቁልቁል ሄዱ። ጋሽ ፈንቴና አንዳርጌ ማንንም እንዳይረግጡ እግራቸውን እየመጠኑ ተከተሉ። አንዲት አህያ ጥጓን ይዛ ቆማ አሳለፈቻቸው።

ውሃው ዳር ሲደርሱ ሰልፉ ቆመ። ባዶዋ ቃሬዛ ግን ድንገት ከበደች፤ ተሸካሚዎቹ ሊጥሏት ደረሱ።

«ሰው ጨምሩ!» አሉ ትንሹ አያ ቢሻው።

ስምንት ሆኑ። አሁንም አልቻሉም። አሥራ ስድስት ሆኑ። ከመካከላቸው አንዱ ትንሹ አንዳርጌ ነበር፤ ትልቁ አንዳርጌ ትከሻው ላይ ክብደት ተሰማውና ዘመም አለ። በቃሬዛዋ ላይ ያለው ጨርቅ ሰው እንደተኛበት ከውስጥ ቀና ብሎ ነበር። ከጫፍ ከጫፉም ውሃ ይንጠባጠባል።

ጋሽ ፈንቴ ተንበርክከው መዳፋቸውን አሸዋው ላይ ዘረጉ። ቃሬዛዋን እመዳፋቸው ላይ አኖሩላቸው። በአንድ እጅ ሞከሩ፣ አልተነሣችም። በሁለት እጃቸው አቅፈው እንደምንም ቆሙ፤ ወገባቸው ጎበጠ። ከዚያ ሊቀብሯት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዳገት ዞሩ።

አንዳርጌ ከኋላ ተከተለ። ከጋሽ ፈንቴ ጣቶች መሃል ውሃ ይወርዳል፤ አልቆመም። እሳቸው ባለፉበት የረጠበ መንገድ ላይ መርፌ የሚያካክሉ ዓሦች ይፈራገጡ ነበር።