ለዋርካው የተያዘ ቅቤ

"እዚህ ጋ አቁምልኝ" አሉ እትዬ ዓባይነሽ፣ ባጃጁ ዋርካው አጠገብ ሲደርስ። "አንድ አፍታ ናት፤ ቡሬ እንደሁ የትም አትሄድም።"

ባለ ባጃጁ ቴዎድሮስ ለምን ብሎ አልጠየቀም። በዚያ መንገድ የሚመላለስ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ቤቱ ነፍሰ ጡር ያለችበት ዋርካውን ቅቤ ሳይቀባ አያልፍም። የግንዱ አንድ ወገን በቅቤ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቃል።

እትዬ ዓባይነሽን ጣዖት ታመልኪያለሽ ብሎ የደፈረ ካለ ከእሳቸው ጋር መጣላቱ ነው። ማርያምን በወር በወሩ ይዘክራሉ፤ ጾም አይገድፉም። ግን አድባርም አድባር ናት፤ ከአማታቸው የተረከቧት ናት። የንስሐ አባታቸው ፊተኛዋ ትእዛዝ የትኛዋ ናት ብለው ሲጠይቋቸው ከእኔ በቀር ሌላ አምላክ አይሁንልህ የምትለዋ ናት ብለው አጥርተው ይመልሳሉ። ወደ ዋርካው ሲወጡ ግን ትእዛዟን እቤት አስቀምጠዋት ነው።

ዛሬ ምራታቸው ያምሮት ቡሬ ጤና ጣቢያ ምጥ ላይ ናት። አምና የመጀመሪያ ልጇ ሳይተርፍ ቀርቷል። የዚያን ቀን ለቅሶ ከእትዬ ዓባይነሽ ደረት ገና አልወጣም። በጉሎ ቅጠል የጠቀለሉትን ቅቤ ፈተው ጣታቸውን ነከር እንዳደረጉ ስልካቸው ጮኸ።

"እማ፣ የት ደረሱ?" ያምሮት ነበረች። "ምጡ ፋታ ሲሰጠኝ ነው የደወልኩ።"

"እየመጣሁ ነው የኔ ልጅ፤ መንገድ ላይ ነኝ።"

"ዋርካው ጋ ነዎት አይደል?"

ለዚች ልጅ መዋሸት አይሆንላቸውም። ምራት ሆና መጥታ ልጅ ሆና የቀረች ናት፤ በርበሬ ሲቀነጥሱ እንኳ እጅዎን ያቃጥልዎታል ብላ ከፊታቸው የምትነጥቅ።

"ነኝ" አሉ።

"አምና አልቀቡትም ነበር?"

ይህን ለማንም ተናግረው አያውቁም። "ቀብቼው ነበር።"

"ታዲያ?"

"አነሰበት መሰለኝ። ዘንድሮ ጨምሬ ነው የመጣሁ።"

ያምሮት ልትመልስ ስትል ምጡ ያዛት። እትዬ ዓባይነሽ ስልኩን በሁለት እጃቸው ጨብጠው "አይዞሽ፣ አይዞሽ እናቴ" ይላሉ። ቢችሉ ምጡን ተቀብለው እሳቸው ባማጡላት።

"እማ" አለች ቆይታ፣ ድምጿ ደክሞ። "እመቤታችንን ሲጠሩ ያለቅሳሉ። ዋርካውን ሲጠሩ ግን ይንቀጠቀጣሉ፤ አይቻለሁ። ልጄ ቢተርፍ ምስጋናው የዋርካው፣ ባይተርፍ ጥፋቱ የእርስዎ ነው። ይኼ ምን ዓይነት ጌታ ነው? ለልጄ እንዲህ ያለ ፍርሃት እንዲያወርሱት አልፈልግም።"

"ብተወውና አንድ ነገር ብትሆኚብኝስ? ምን ብዬ እኖራለሁ?"

"ያን ጊዜ አብረን ለእግዜር እናለቅሳለን። እሱ አነሰብኝ አይልም።" ትንፋሿን ሳበች። "ቅቤውን ግን ይዘውልኝ ይምጡ። እዚህ የእናቶች ማቆያው ውስጥ የሚያገነፉት ገንፎ ደረቅ ነው፤ አይዋጥም። ለሴቶቹ ሁሉ አማቴ ትመጣለች ብዬ አውርቻለሁ።"

ምጥ ላይ ሆና ስለ ገንፎ የምታወራ ሴት ምን ይሏታል። እትዬ ዓባይነሽ እንባቸው እየወረደ ሳቁ።

ስልኩ ተዘጋ። ዋርካው ፀጥ ብሎ ቆሟል። አልፈራሁም ቢሉ ውሸት ነው፤ የአማታቸው ድምፅ ጆሮአቸው ላይ አለ። ቢሆንም ቅቤውን መልሰው ጠቀለሉት፤ ቅጠሉን በክር ጠበቅ አድርገው አሰሩት።

ጣታቸው ላይ የቀረች ቅቤ ነበረች። እጃቸው በልማድ ወደ ግንዱ ተዘረጋ፤ ሊነካው ሲል መለሱት። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው ቅቤዋን የገዛ ፀጉራቸው ላይ ቀቧትና ወደ ባጃጁ ተመለሱ።

"ጨረሱ እትዬ?" አለ ቴዎድሮስ ሞተሩን እያስነሳ።

"ጨረስኩ" አሉ፣ ቅቤውን ጭናቸው ላይ አድርገው። "ንዳ፤ ገንፎው እየጠበቀን ነው።"