ከቆሼ የመጡ ለቀስተኞች

«እኔ መጠጡ ቀድሞ ድህነቱ የተከተለ ይመስለኝ ነበር» አለች ሰርኬ።

ባሏ ጉልላት ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከድንኳኑ ጀርባ፣ በቆርቆሮው አጥር ጥግ፣ ገሜዳ የሚባል ጎልማሳ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ቆሟል። ግቡ ብትላቸውም አልተንቀሳቀሱም።

«ልብሳችን ቢታጠብም ሽታው አይለቅም፣ እትዬ። እኛ ስንገባ ሰው ይነሣል። እዚሁ እናልቅስለት» አለ ገሜዳ።

«ምን ያህል ጊዜ አብራችሁ ሠራችሁ?»

«ሁለት ዓመት ከመንፈቅ። ቆሼ፣ ከከተማው ቆሻሻ ክምር ላይ፣ ቁርጥራጭ ብረት ለቅመናል። መጀመሪያ ሲመጣ ያስመልሰው ነበር። ‹ጋሽ ጉልላት፣ አንድ መለኪያ ካልቀመሱ ይህን ክምር አይችሉትም› ያልኩት እኔ ነኝ። ይፍረዱብኝ።»



ጉልላት አናጺ ነበር። ይሠራበት የነበረው የእንጨት ሥራ ድርጅት ተወርሶ፣ መጋዞቹ ተጭነው ከሄዱ በኋላም ምሳውን አስቋጥሮ በየማለዳው ይወጣ ነበር። ሥራ ፈት የተባለ ሁሉ እየታፈሰ ወደ ሁመራ እርሻ በሚጫንበት በዚያ ዘመን፣ ሥራ ማጣትን ከቀበሌ መሰወር ከሚስትም መሰወር ማለት ነበር። ምሽት ላይ አረቄ አረቄ እየሸተተ ሲመለስ፣ ከአረቄው በታች የተደበቀውን ሌላውን ሽታ እሷ የመጠጥ ቤት ቦይ ሽታ አድርጋ ቆጠረችው። «ግማትህን ይዘህ ውጣ!» ትለው ነበር። አንድ ቀን ቦኖው አጠገብ፣ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች እያዩት፣ ሸሚዙን አስወልቃ አሳጠበችው። እርጥቡን ሸሚዝ መልሶ ለበሰ። ለመቆም ብሎ የጀመረው አረቄ ውሎ አድሮ መቆሚያ ነሣው፤ ጉበቱ አብጦ ሞተ።

ወደ ድንኳኑ ተመለሰች። የሟቹ ታላቅ ወንድም፣ ነጋዴው ሰብስቤ፣ በቤተዘመዱ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ለሽማግሌዎቹ ያወጋል።

«እጁ ወርቅ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ጥጋብ ገደለው!»

ከኋላ ንፍሮ የሚዘግን አንዱ፣ «ዛሬ ደረቷን መምታት ያለባት አረቄ ሻጯ ናት» አለ። ጥቂቶች ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ።

ሰርኬ ወደ ሰብስቤ ቀረበች። «ጋሼ፣ የት ይውል እንደነበር ያውቁ ነበር?»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል» አለ ጎንበስ ብሎ። «አንድ ቀን በመኪና ሳልፍ አይቼዋለሁ።»

«አይተው አለፉ?»

«ምን ላድርግ? ሰካራም የሌለበት ቤት የለም፤ ማንም አይደነቅበትም። ቆሻሻ ለቃሚ ግን... ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ልጆች አሉኝ፣ ሰርኬ። ስም አለን።»

ስም! ድህነቱ ቢነገር የሚከሰሰው ብዙ ነው፦ መጋዙን የጫነው፣ ሥራ ፈት የሚያፍሰው፣ በመኪና ያለፈው። ስካር ግን ሟቹን ብቻ ይከሳል። ስለዚህ ስካሩን መረጡለት። እሷም ቦኖው አጠገብ አብራ መርጣለት ነበር።

ወጣች። ገሜዳን በክንዱ ይዛ፣ ሁለቱን አስከትላ ገባች። ለቀስተኛው በነጠላው ጫፍ አፍንጫውን ሸፈነ።

«ባሌ ቆሼ ላይ ብረት እየለቀመ ነው ያበላኝ» አለች። «አብረውት የለቀሙት እነዚህ ናቸው።»

ሰብስቤን ከአግዳሚው አስነሣችው። ሦስቱን በቦታው አስቀመጠቻቸው።