የተሰረዘችው አንቀጽ

መምህሩ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ማስተማር ከጀመረ ሃያ አምስት ዓመት ሆኖታል። ተማሪዎቹ «ጡንቻ» ይሉታል፤ እሱም ያውቃል፣ ደስም ይለዋል። በየዓመቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ሰሌዳው ላይ «መንግሥት ዘመድ የለውም» ብሎ ይጽፍና ዞር ይላል። «ከመንግሥታት በላይ ዳኛ የለም። ዳኛ በሌለበት ሰፈር የሚያድንህ አጥርህ ነው፤ የጎረቤትህ ፈገግታ አይደለም።»

ከቢሮው ግድግዳ ወዲያ ያለው ባልደረባው ይህን አይቀበልም። እሱን ደግሞ ተማሪዎቹ «ድርድር» ብለውታል። ሁለቱ በመምህራን ክበብ ምሳ ሲበሉ ሳይጨቃጨቁ የዋሉበት ቀን የለም።

«አንተ መንግሥትን አንድ ሰው አድርገህ ነው የምታየው» ይለዋል ድርድር። «ውስጡ እኮ ነጋዴ አለ፣ ሾፌር አለ፣ አማት አለች። ወዲህና ወዲያ ያሉት እነዚህ ሲተዋወቁ ነው ጦርነት የሚከብደው።»

«አማትማ ካለችበት ጦርነቱ ይብሳል!» ይላል ጡንቻ፤ በዙሪያቸው ያሉት ሁሉ ይስቃሉ።

ጡንቻ ራሱ ድንበር ማዶ ሰው ነበረው። ታላቅ እህቱ ከወንዙ ማዶ ካለው አገር ሰው አግብታ እዚያው አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች። እናታቸው የምትኖረው ከእሱ ጋር ነው። እህቱ በወር አንድ ጊዜ ድልድዩን ተሻግራ ትመጣለች፤ የእናቷን ጥፍር ትቆርጣለች፣ ፀጉሯን ታጥባታለች፣ እሱን ደግሞ «ወንድምዬ፣ ምነው ከሳህ?» ብላ ትቆጣዋለች። ይህን ከሥራ ባልደረቦቹ ለማንም አውርቶ አያውቅም።

አንድ ዓመት የማዶው አገር ወታደሮች ድልድዩ አፍ ላይ አዲስ ምሽግ ቆፈሩ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሁለቱንም መምህራን አስተያየት ጠየቀ፤ መሻገሪያው ይዘጋ ወይስ ክፍት እንደሆነ ንግግር ይጀመር? ድርድር፣ ክፍት ይሁንና የጋራ ኮሚቴ ይቋቋም ብሎ ጻፈ። ጡንቻ፣ ይዘጋ አለ። ምሽግ ለቆፈረ ጎረቤት በር ከፍቶ መጠበቅ፣ ሌላም ጨምርበት ብሎ መጋበዝ ነው አለ። ያመነበትን ነበር የጻፈው።

መጨረሻው ላይ ግን አንዲት አንቀጽ ነበረች። ታማሚ ለመጠየቅና ቀብር ለመድረስ የሚሻገሩ ሰዎች በልዩ ፈቃድ ይለፉ የምትል፣ አራት መስመር። ጽሑፉን ሊልክ ሲል ዓይኑ እሷ ላይ አረፈ። ነገ አንዱ ተነስቶ «ለካ እህቱ እዚያ ናት! ለእሷ ብሎ ነው» ቢለኝስ? የሃያ ዓመት ስሜ በአራት መስመር ገደል ይግባ? አንቀጿን ሰረዛትና ላከው። ያን ቀን ራሱን እንደ ቆራጥ ሰው ቆጠረ።

መሻገሪያው «ለጊዜው» ተዘጋ። ወታደሮቹም ከምሽጋቸው አንድ እርምጃ አልገፉም። ጡንቻ ይህን እያነሳ ድርድርን መግቢያ መውጫ አሳጣው። እህቱ ስትደውል ግን ወሬውን ያሳጥር ነበር።

«አንተ ትልልቆቹን ታውቃቸዋለህ፤ መቼ ይከፈታል ይላሉ?»

«አይታወቅም፣ እትዬ።»

እሷ ግን ጎረቤቶቿን «ወንድሜ ሊቅ ነው፣ መላ አያጣም» እያለች ታጽናና ነበር።

በሁለተኛው ዓመት እናታቸው ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች። ግራ ጎኗ ሽባ ሆነ፣ አንደበቷ ተሳሰረ። ከአፏ ጥርት ብሎ የሚወጣው የሴት ልጇ ስም ብቻ ነበር። ሐኪሙ «የሳምንታት ጉዳይ ነው» አለ። ጡንቻ በማግስቱ ወደ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ሄደ። የድንበር ጉዳይ ኃላፊው የቀድሞ ተማሪው ነው፤ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበለት። ነገሩን ሲሰማ ግን ግራ ገባው።

«መምህር፣ ይኼን እርስዎ ነዎት የሚጠይቁኝ?» አለ፤ ማሾፉ አልነበረም፣ እውነት ገርሞት ነው። ፋይሉን ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጠው። «መመሪያው ከእርስዎ ጽሑፍ ነው የተቀዳው። ልዩ ፈቃድ የሚል ቢኖርበት ዛሬውኑ እፈርምልዎት ነበር። የለበትም።»

«ነበረበት» አለ ጡንቻ።

«የቱ ጋ?»

ፋይሉን መለሰለትና ወጣ።

እናቱ በአሥራ ሰባተኛው ቀን አረፈች። ቀብሩ ላይ ስልኩን ከፍቶ ወደ ጉድጓዱ ዘርግቶ ያዘ፤ እህቱ ማዶ ሆና የአፈሩን ድምፅ ሰማች። ክንዱ ሲዝልበት ድርድር መጣና ከሥር ደገፈለት።

መሻገሪያው ከዓመት በኋላ ተከፈተ። ማን እንዳሸነፈ የነገራቸው የለም፤ ሁለቱ መንግሥታት በሲሚንቶ ንግድ ተስማሙ ተባለ፣ በቃ። እህቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣች። የእናቷ አልጋ ላይ ተቀምጣ ብዙ አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «አይዞህ፣ አንተም ብቻህን ተንገላታህ» አለችው። ይሄኔ አልቻለም። ጽሑፉን፣ አንቀጿን፣ መሰረዟን፣ ሁሉንም ነገራት።

«ለምን ሰረዝካት?»

«ለዘመዱ አደላ እንዳልባል።»

«ብትተዋት ኖሮ ይቀበሏት ነበር?»

«አላውቅም፣ እትዬ።»

«ድንበር ለምን ዘጋህ አልልህም» አለች። «አገር ነው፣ ይጠበቃል። ምሽጉን እኔም አየዋለሁ። ግን ስሜን ስትጠራ ለከረመች እናት አራት መስመር በዛባት?»

በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። ሻንጣዋን ሊቀበላት እጁን ሲዘረጋ «ተወው፣ ቀላል ነው» አለችው።

ያን ሳምንት ምሳ ላይ ጡንቻ ታሪኩን ለድርድር አወራለትና «አንተ ነበርክ ልክ» አለው። ድርድር ራሱን ነቀነቀ።

«እንጃ። ክፍት ቢሆን ወታደሮቹ ይገቡ እንደሆነ እኔም አላውቅም። ግን ምናለ እህት እንዳለችህ ያኔ ብትነግረኝ? ያቺን አንቀጽ እኔ በስሜ እጽፍልህ ነበር።»

ጡንቻ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ።

እህቱ ዛሬም በየወሩ ትደውላለች። ጤናውን ትጠይቀዋለች፣ ልጆቿን ታገናኘዋለች። «መቼ ትመጫለሽ?» ሲላት ግን «እናያለን» ትለዋለች፤ ድልድዩ ከተከፈተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።